ትንፋሿን እየቆጠርን

ሚሚ ጡት ስትጠባ በላብ ትጠመቅ ነበር። የወለድኳት በየካቲት ነው። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በየካቲት ፀሐዩ ይከራል፤ ቤታችን ከሰዓት በኋላ እንደ ምጣድ ይግላል። ስለዚህ ላቡን በሙቀቱ አሳበብን። ሁለት ሦስቴ ትስብና ታቆማለች። ቁና ቁና ትተነፍሳለች። እንደገና ትጀምራለች። ከዚያ ሳትጠግብ እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ ይላል። ስታለቅስም ድምጿ ደከም ያለ ነበር። አማቴ "ጨዋ ልጅ ናት፣ ሰው አታስቸግርም" ይሉኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው ያን ጊዜ እኔ የነበርኩበት ቦታ ላይ ላላችሁ እናቶችና አባቶች ነው። "የልጃችሁ ልብ ላይ ችግር አለ" ለተባላችሁ። ወይም ገና ላልተባላችሁ፣ ግን የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ሆዳችሁ ለነገራችሁ። ሐኪም አይደለሁም። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። የምነግራችሁ ያየሁትንና ሐኪሞቹ ደጋግመው ያስረዱኝን ነው።

በ45 ቀኗ ለክትባት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሲስተሯ ሚዛን ላይ አስቀመጠቻት። 3.4 ኪሎ። ስትወለድ 3.1 ነበረች። ሲስተሯ አንሥታ እንደገና መዘነቻት። ያው ነው። "በዚህ ዕድሜ ልጅ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይጨምራል። ይቺ በ45 ቀን 300 ግራም ብቻ ነው የጨመረችው" አለችኝ። ከዚያ ልብሷን ገልጣ፣ ሰዓቷን እያየች፣ የደረቷን ከፍ ዝቅ መቁጠር ጀመረች። አንድ ደቂቃ ሙሉ። 72 ሆነ።

ያን ዕለት የተማርኩትን ቁጥር እናንተም ያዙት። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን በደቂቃ 60 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ድረስ 50። ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት 40። የሚቆጠረው ልጁ ሲረጋጋ ወይም ሲተኛ ነው እንጂ እያለቀሰ አይደለም። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይሆንም። የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል፤ ስለዚህ ደቂቃው ሙሉ መሆን አለበት።

ሲስተሯ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጃት ብላ ሪፈር ጻፈችልኝ። እኛ ግን መሸብንና ሰፈራችን አካባቢ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ሳምባ ምች ነው ተባለ። ሽሮፕ ተሰጠን። ያየን ሰው ስቴቶስኮፑ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ደረቷ ላይ ግን አላረፈም። ሽሮፑን ጨረስን። ትንፋሿ ያው ነው። አስር ቀን እንዲሁ ሄደ። አሁን ቢሆን "እባክዎ ደረቷን ያዳምጡልኝ" እል ነበር። ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር አትፈሩ። ማንንም አትሰድብም።

ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተሯ ገና ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገችው ፊቷ ተለወጠ። "ተጨማሪ ድምፅ አለ" አለች። ኢኮ ታዘዘ። ኢኮ ማለት የልብ አልትራሳውንድ ነው። አያምም፣ ጨረር የለውም፣ መርፌ የለውም። ክፍሉ ጨለም ያለ ነበር። ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ይንቦገቦጋል። ባለቤቴ ሰማያዊውን ሲያይ "መጥፎው ደም እሱ ነው?" ብሎ ጠየቀ። አይደለም፤ ቀለሙ ደሙ በየት አቅጣጫ እንደሚሄድ ነው የሚያሳየው። ወደ መሣሪያው የሚመጣው ቀይ፣ የሚርቀው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል።

ሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ነበር። ዶክተሯ ወረቀት ገለበጠችና አራት ክፍል ያለው ቤት ሣለችልን። ሁለት ክፍል ፎቅ፣ ሁለት ክፍል ምድር። የሚሚ ልብ ከታች ባሉት ሁለት ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ቀዳዳ አለው። 8 ሚሊ ሜትር። ለአዋቂ ሰው ትንሽ ነው፤ የሚሚ ልብ ግን በጠቅላላው የራሷን ጭብጥ እጅ ያህል ነው። የግራው ክፍል ጉልበተኛ ስለሆነ ወደ ሰውነቷ መሄድ ያለበት ደም በቀዳዳው ወደ ቀኝ ያልፋል። ከዚያ ሳምባዋን ያጥለቀልቀዋል። ልቧ ድካሙ እጥፍ ይሆንባታል። ጡት መጥባት ለእሷ እንደ ዳገት መውጣት ነው። ላቡም ከዚህ የመጣ ነው።

"ስትወለድ ደህና ነች ተብለን ነበር እኮ" አልኳት። እሱንም አስረዳችን። አንድ ሕፃን ማኅፀን ውስጥ እያለ በሳምባው አይተነፍስም። ስለዚህ የሳምባው የደም ሥሮች ግፊት ከፍ ያለ ነው። ከተወለደም በኋላ የሚወርደው ቀስ በቀስ፣ በሳምንታት ውስጥ ነው። ግፊቱ ከፍ እስካለ ድረስ በቀዳዳው ብዙ ደም አያልፍም፤ ድምፁም ላይሰማ ይችላል። ሲወርድ ነው ጎርፉ የሚመጣው። ስለዚህ ብዙ ልጆች በአንድና በሁለት ወራቸው ነው የሚታወቅባቸው። ያዋለደችኝን ሲስተር በሆዴ ስወቅሳት ነበር። እሷ ያን ቀን ልትሰማው የምትችለው ነገር አልነበረም።

ይህን ሁሉ አሁን አቀናብሬ ስጽፈው ያን ቀን የገባኝ እንዳይመስላችሁ። "ቀዳዳ" ከሚለው ቃል በኋላ አንድም ነገር አልሰማሁም። ጆሮዬ ጭው አለ። እግሬ ተሳሰረ። የዶክተሯ አፍ ሲንቀሳቀስ ብቻ አያለሁ። ሁሉንም የያዘልን ያ ሥዕል ነው። ስለዚህ ብቻችሁን አትግቡ። ሁለት ሆናችሁ ግቡ፤ ቢያንስ አንዱ ይሰማል። ዶክተሩ እንዲሥልላችሁ ጠይቁ። የሕመሙን ስም በአማርኛም በሕክምናውም አጠራር እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። "የልብ ችግር" ማለት ብዙ ነገር ነው። አንዳንዱ ቀዳዳ በራሱ ይደፈናል። አንዳንዱ ሳይዘጋ ዓመታት ይጠብቃል። አንዳንዱ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ከዚያ ክፍል አትውጡ።

ከሜክሲኮ እስከ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ እስከ ቤታችን አንድ ቃል አልተናገርንም። እሱ አቅፏት ደረጃውን ወጣ። ያን ዓርብ ስቅለት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስሰግድ እያለቀስኩ እንደሆነ እንኳ ማንም አላወቀም። ሁሉም ሰው በሚያለቅስበት ቀን ማልቀስ አንድ ነገሩ መደበቁ ነው። ፋሲካን አሳለፍን። ለማንም አልተናገርንም። ለአማቴም ጭምር። ሦስት ሳምንት ሙሉ።

ስለዚያ ሦስት ሳምንት ትንሽ ልቆይ። ከሕመሙ ይልቅ ልንጠፋፋ የደረስነው ያኔ ነው። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ምን አድርጌ ነው? ስምንተኛ ወሬ ላይ ውሃ ጠፍቶ ጀሪካን እየተሸከምኩ አራት ፎቅ ወጥቻለሁ። እሱ ይሆን? የጨጓራ መድኃኒት ወስጃለሁ። እሱ ይሆን? ሌሊት ሌሊት እየቆጠርኩ አድራለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ብየዳ ቤት ነው የሚሠራው። ማታ ማታ መቆየት ጀመረ። ሥራ በዝቷል ይለኛል። እኔ ሸሸን ብዬ አሰብኩ። አንድ ማታ ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ፣ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ጉልበቱን አቅፎ ያለቅሳል። ሥራ ኖሮ አልነበረም የሚያመሸው። ለቅሶውን ጨርሶ ነበር ቤት የሚገባው።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። እሱም ለካ የራሱን ይቆጥር ነበር። የብየዳውን ጭስ በልብሱ ይዞ እየገባ ያመጣባት መስሎት ነበር። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለታችንም ጥያቄያችንን ለዶክተሯ አወጣን። የሕፃን ልብ ዋናው ሥራ የሚያልቀው በእርግዝናው የመጀመሪያ ሁለት ወር ገደማ ነው አለችን። ብዙ ሴት ማርገዟን በቅጡ ሳታውቅ። ስምንተኛ ወር ላይ የተነሣ ጀሪካን የተሠራን ግድግዳ አይበሳም። በዓለም ላይ ከመቶ ሕፃናት አንዱ ገደማ የልብ ችግር ይዞ ይወለዳል። ለአብዛኞቹ አንድ ምክንያት አይገኝም። የሚታወቁ ምክንያቶች አሉ፤ በእርግዝና መጀመሪያ የሚይዝ ሩቤላ የሚባል የቫይረስ በሽታ፣ በደንብ ያልተያዘ የእናት ስኳር፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ እንደ ዳውን ሲንድረም ያለ የክሮሞዞም ለውጥ። በእኛ አንዱም አልነበረም። ያን ቀን ስንወጣ ባለቤቴ እጄን ያዘኝ። መንገድ ላይ እጄን ይዞኝ አያውቅም።

ደብተሩን የጀመርነው ያን ሳምንት ነው። ባለ 50 ሉክ ተራ ደብተር። ሐሳቡ የባለቤቴ ነው። ጠዋትና ማታ ስትተኛ ትንፋሿን እንቆጥራለን። ስንት ደቂቃ እንደጠባች፣ ስንቴ ሽንት እንዳረጠበች፣ መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደተሰጠ፣ ማን እንደሰጣት እንጽፋለን። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጤና ጣቢያ ወስደን፣ በዚያው ሚዛን እናስመዝናታለን። የሚዛኑ አንድ መሆን ጥቅም አለው፤ ሁለት ሚዛን ሁለት ነገር ይላል። እኔ ጠዋት፣ እሱ ማታ። የሚያለቅስበትን ሰዓት ለመቁጠር ተጠቀመበት ማለት ነው።

መድኃኒቶቹ ሦስት ነበሩ። አንዱ ላሲክስ የሚባለው ነው፤ የተጠራቀመውን ፈሳሽ በሽንት ያስወጣል። ለሕፃን የሚሆን ሽሮፕ አላገኘንም። ፋርማሲስቱ ክኒኑን እንዴት ፈጭተን በስንት ሚሊ ሊትር ውሃ እንደምናሟሟው አሳየን። ሲሪንጁ ላይ በብዕር መስመር አሰመረልን። ከዚያ "አሁን እናንተ ሥሩት፣ እኔ ልይ" አለን። ይህን የሚል ባለሙያ ካላገኛችሁ ራሳችሁ ጠይቁ። ፊቱ ሥሩት። አንድ ጊዜ ከሌላ ቦታ የገዛነው ክኒን መልኩ ያው ነው፣ ስሙ ያው ነው፤ ሚሊግራሙ ግን እጥፍ ነበር። ያዳነን ደብተሩ ላይ የጻፍነው ቁጥር ነው። ካርቶኑን ሁልጊዜ ከደብተሩ ጋር አስተያዩ። ካስመለሳት ደግማችሁ አትስጡ፤ ደውላችሁ ጠይቁ።

አማቴ ሽንት ሲበዛባት አይተው "ልጅቷ ደረቀች፣ ውሃ አጉርሱልኝ" አሉ። አብሽ ውሃም ታስቦ ነበር። ይህ የልብ ሕመም ላለበት ልጅ አይሆንም። ሆዷ ትንሽ ነው። ውሃ ከገባበት ወተት አይገባም። የሚሚ ችግር ደግሞ ምግብ ማነስ ነው፤ ልቧ የምትበላውን ሁሉ ታቃጥለዋለች። የተነገረን እንዲህ ነው። በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ። አንዱ ጥባት ከግማሽ ሰዓት እንዳይበልጥ፤ ከዚያ በላይ ከታገለች ከምታገኘው የምታወጣው ይበልጣል። ቀና አድርጎ መያዝ። የቀረውን ጡት አልቦ በሲኒ ወይም በማንኪያ መስጠት። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ወተት ቅባቱ የበለጠ ስለሆነ መጀመሪያ የወጣውን ለብቻ አድርጌ የኋለኛውን እሰጣት ነበር። ይህንንም በራሴ አልጀመርኩትም፤ ጠይቄ ነው። ሌሊቱ ያደክማል። አልዋሻችሁም። ግንቦት ላይ ቆሜ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አንድ ሳምንት 40 ግራም ብቻ ስትጨምር ጤና ጣቢያው በር ላይ ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት 130 ጨመረች። ሲስተሯ አቀፈችኝ።

ዘመድ ሲሰማ ምክሩ ይጎርፋል። ሁሉም ከፍቅር ነው። "እንጥሏ ወርዶ ነው፣ የሚያስቆርጥ ሰው አውቃለሁ" ያሉኝ አሉ። "ግግ ነው፣ ይነቀልላት" ያሉም አሉ። እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ እናገራለሁ። አታድርጉት። ልቡ የደከመ ሕፃን ላይ የሚፈስ ደምና የሚገባ ቁስል ሊገድለው ይችላል። የማይጠባው እንጥሉ ወርዶ አይደለም። ልቡ ደክሞ ነው።

ጠበል ሌላ ነገር ነው። አማቴ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሱባኤ ልይዝላት ብለው ተነሡ። የእንጦጦን ብርድ እያሰብኩ ሆዴ ተጨነቀ፤ እምቢ ብዬም ማስቀየም ፈራሁ። የንስሐ አባታችን ጋ ሄድን። "ጠበሉን አምጥታችሁ ቀቧት። መድኃኒቷን ግን አንድ ቀን እንዳታቋርጡ። እሱም የእግዚአብሔር ነው" አሉ። አማቴ ከዚያ በኋላ የመድኃኒት ሰዓት አሳልፈው አያውቁም። ክርስትናዋን በ80 ቀኗ አስነሣናት። ድግስ አልነበረም። ሲያጠምቋት ፎጣና ብርድ ልብስ ይዘን ቆመን፣ ወዲያው ጠቅልለን ወደ ቤት ሮጥን።

ሰኔ ላይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቆጠርኩ። 84። ደገምኩት። 86። ጎድኖቿ ሥር ቆዳው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ስትተነፍስ ታቃስታለች። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ጡት እምቢ ብላለች። እግሯ ቀዝቅዞ በላብ ወዝቷል። እነዚህን ምልክቶች ዶክተሯ ደብተሩ ጀርባ ላይ ጽፋልን ነበር፤ አንዱ ከታየ እስኪነጋ አትጠብቁ ብላ። ከንፈር ወይም ምላስ መጥቆርም ከዝርዝሩ ውስጥ አለ። የእኛ ልጆች ቆዳ ጠይም ስለሆነ ቆዳ ላይ አይታይም። ምላስ ላይ፣ የከንፈር ውስጥ ላይ፣ ድድ ላይ ነው የሚታየው። ከኮዬ ፈጬ በዚያ ሰዓት ታክሲ የለም። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤታችን መኪና አለው። አስቀድመን ነግረነው ነበርና በፒጃማው ወረደ። እናንተም ዛሬውኑ የአንድ ሹፌር ስልክ ያዙ።

ተረኛው ሐኪም ደብተሩን ሲያይ የጠየቀን ጥያቄ ሁለት ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ እዚያ ላይ አለ። ዘጠኝ ቀን ተኛን። ኦክስጅን ተሰጣት። ውጭ ያለች እህቴ በስልክ "ኦክስጅኗ ስንት ነው?" ስትል በደሟ ያለው 93 በመቶ ነው አልኳት። እሷ ደንግጣ ጮኸች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ የጤነኛ ሰውም ቁጥር ከቆላው ትንሽ ዝቅ ይላል። ያያችሁትን ቁጥር እዚህ ካለ ሐኪም ጋር እንጂ ከሩቅ ዘመድ ጋር አታመዛዝኑ።

እዚያው ዋርድ ውስጥ ልጇ ሌላ ዓይነት ችግር ያለበት እናት ነበረች። ፋሎት ይሉታል፤ ከሚሚ በተቃራኒ ወደ ሳምባው የሚሄደው ደም ያንሳል። ልጁ ሲያለቅስ ድንገት ይጠቁራል። ሲጠቁር ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጣጥፋ ታቅፈዋለች። ነርሶቹ ናቸው ያስተማሯት፤ እንዲህ ሲታጠፍ ወደ ሳምባው የሚሄደው ደም ይጨምራል። ከዚያ ሐኪም ትጣራለች። የልጃችሁ ችግር ያ ከሆነ ይህን ሳያሳዩዋችሁ ከሆስፒታል አትውጡ።

ከዚያ ወረፋው መጣ። ቀዳዳው ትልቅ ስለሆነ በራሱ አይዘጋም ተባልን። ኦፕሬሽን ያስፈልጋታል። ዝም ብሎ ቢቆይ ደግሞ የሚጥለቀለቀው የሳምባ የደም ሥር ቀስ በቀስ ይደድራል። አንዴ ከደደረ አይመለስም፤ ኦፕሬሽኑም አይቻልም። ስለዚህ ቀዳዳው ትልቅ ለሆነ ልጅ ከአንድ ዓመት በፊት ቢሠራ ይመረጣል። ልጄ ትንሽ ተሽሏታል፣ ወዝታለች ብላችሁ ቀጠሮ አትተዉ። መሻሉ የመድኃኒቱ ነው። ቀዳዳው እዚያው አለ።

ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለውን የልብ ማዕከል ብዙ ሰው ያውቀዋል። መነሻው ዶ/ር በላይ አበጋዝ በ1989 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ነው። ማዕከሉ ራሱ የተከፈተው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ልጆች ለኦፕሬሽን ወደ ውጭ ነበር የሚላኩት። ዛሬም ተራ የሚጠብቁት ልጆች በሺዎች ይቆጠራሉ። የአገራችን ሐኪሞች ይሠራሉ፤ ከውጭ የሚመጡ ቡድኖችም እየመጡ አብረው ይሠራሉ። ሲመጡ ስልክ ይደወላል። ስለዚህ ሁለት ስልክ ቁጥር አስመዝግቡ። ሲም ካርድ አትቀይሩ። የማይታወቅ ቁጥር ሲደውል አንሡ። በየወሩ እየሄዳችሁ ወይም እየደወላችሁ አዲሱን ክብደቷን ንገሯቸው። ባለቤቴ ወረፋውን የሚጠብቀው ቆሞ ነበር፤ እኔ ግን ስንቆይ አንድ ነገር ገባኝ። የሚጠበቀው ቀን ሲመጣ ለቀኑ የምትበቃ ልጅ ማቆየት ነው የእኛ ሥራ። ክትባቷን አላሳለፍንም። የሚያስነጥስ ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ በር ላይ ይመለሳል። ስድስት ወር ሲሞላት ገንፎዋ ላይ ዘይትና እንቁላል እንጨምር ነበር።

ነሐሴ ላይ ተደወለ። ሄድን። አፍንጫዋ ይፈስ ነበር። ጉንፋን ይዟት ማደንዘዣ መውሰድ አደጋ ስለሆነ መለሱን። በዝናብ፣ በጭቃ፣ አዝለናት ተመለስን። ከቀኖቹ ሁሉ የከበደኝ ያ ነው።

ባለቤቴ ያን ማታ አንድ ታሪክ ነገረኝ። ስልኩ ላይ ሲያነብ ያገኘው ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ዶ/ር ሊለሃይ የሚባል ሐኪም ልክ የሚሚን ዓይነት ቀዳዳ ደፈነ። ልብን ተክቶ ደም የሚረጭ፣ ሊመካበት የሚችል ማሽን አልነበረውም። የአንድ ዓመት ሕፃን ተኛ። አባቱ ደግሞ አጠገቡ ተኛ። የልጁ ደም ሥር ከአባቱ ደም ሥር ጋር በቱቦ ተገናኘ። ልቡ ተከፍቶ ሲሰፋ የአባቱ ልብና ሳምባ ለሁለቱም ሠሩ። "እኔም እተኛላት ነበር" አለኝ። "ማሽን ባይኖር እኔ እተኛላት ነበር።" ልጁ ከቀናት በኋላ በሳምባ ምች መሞቱን ግን ያን ማታ አልነገረኝም። የነገረኝ ሚሚ ከወጣች በኋላ ነው። ከዚያ ልጅ በኋላ ግን በዚያው መንገድ ብዙ ልጆች ድነዋል።

ታኅሣሥ ላይ እንደገና ተደወለ። አስር ወሯ ነበር። 6.2 ኪሎ። ጉንፋን የለም። የባለቤቴ እቁብተኞች እጣውን ቀድመው ሰጥተውን ስለነበር ለመመላለሻውና ሥራ ለምንፈታበት ቀን የሚሆን ገንዘብ ያዝን። ደም የሚሰጥ ሰው ሲጠየቅ የትምህርት ቤቴ መምህራን መጡ። ስትገባ ከእጄ የተቀበለቻት ነርስ "እናቷ፣ ስትወጣ ብዙ ቱቦ ታያለሽ፤ እያንዳንዱ ሥራ አለው" አለችኝ። ስለነገረችኝ አመሰግናታለሁ። አፏ ላይ፣ አንገቷ ላይ፣ ደረቷ ላይ ቱቦ ነበር። ሰውነቷ አብጧል። ግን ጣቶቿ ሞቀው ነበር። ከተወለደች ጀምሮ ጣቶቿ እንደዚያ ሞቀው አላውቅም።

ቤት ስንመለስ የደረቷ አጥንት እስኪገጥም ድረስ ስድስት ሳምንት ያህል በብብቷ እንዳናነሣት ተነገረን። አንድ እጅ ከአንገቷ ሥር፣ አንድ እጅ ከመቀመጫዋ ሥር። ይህን ለጎረቤቱ ሁሉ አስተማርን፤ የኛ ሰው ልጅ ሲያይ በብብት ነው የሚያነሣው። ትኩሳት ካለ፣ ቁስሉ ከቀላ ወይም ፈሳሽ ካለው ወዲያው መምጣት። ጥርሷ ሲወጣ ንጽሕናውን መጠበቅ፤ የአፍ ባክቴሪያ በደም አድርጎ ልብ ላይ ሊቀመጥ ይችላል።

አሁን ዓመት ከስድስት ወሯ ነው። ላሲክሱ ቆሟል። ጠባሳዋ ክር ያህል ቀጥቷል። ባለቤቴ ማታ ማታ ዛሬም ይቆጥራታል። ትቶት አያውቅም። አቁም አላልኩትም።

ባለፈው ሳምንት ከሁለተኛው ብሎክ አንዲት ልጅ በሬን አንኳኳች። አራስ ናት፤ ገና ነጠላዋን እንደተከናነበች ነው። "የሚሚ እናት፣ ልጄ ሲጠባ ያልበዋል" አለችኝ። አስገባኋት። ልጁ ተኝቶ ነበር። ልብሱን ገለጥነው። ስልኬን አወጣሁና ሰዓቱን ከፈትኩላት። "አንድ ደቂቃ ሙሉ" አልኳት። "አንቺ ቁጠሪ። እኔም እቆጥራለሁ።"